ወፍጮውን አጥፉልኝ

ነገሩ ገንፍሎ የወጣው ሳቢያን ውስጥ በአንድ ሰርግ ላይ ነው። ሙሽሮቹ ተቀምጠዋል፣ ሙዚቃው ቆሟል፣ የሙሽራዋ አያት ሊመርቁ ማይክሮፎኑን ይዘዋል። «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው ጀመሩና ድንገት ዝም አሉ። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። ከዚያ በዚያው ማይክሮፎን፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ልጆቼ፣ እስቲ መጀመሪያ ያንን ወፍጮ አጥፉልኝ» አሉ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ወፍጮው የእኔ አምፕሊፋየር ነበር።

ድሬዳዋ ውስጥ በሰርግና በሆቴል ጊታር ስጫወት ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም። አምፕሊፋየሩን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ በኮንቴነር፣ ከቤት ዕቃ ጋር ጭኖ የላከልኝ ነው። የድሮ ሥራ ነው፤ በቫልቭ፣ ማለትም እንደ አምፖል ባለ የብርጭቆ ቱቦ፣ ይሠራል፣ ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ድምፁ ግን ጠጅ ነው። የሚሠራው በ120 ቮልት ስለሆነ ከእኛ 220 ቮልት ጋር የሚያስታርቀው ኮንቨርተር ገዛሁለት። ጉርምርምታውን ለማጥፋት አራት ወር ፈጀብኝ፤ ከአራቱ ወር ሦስቱን ያባከንሁት ያልተበላሸ ነገር ሳስጠግን ነው። እንደ እኔ ከውጭ የመጣ አምፕሊፋየር በኮንቨርተር የምትጠቀሙ ድሬዳዋም፣ ሐረርም፣ ጅግጅጋም ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁና ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

ጉርምርምታው ይመጣ የነበረው ከሪቨርቡ ነው። ሪቨርብ ድምፁን ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተመታ የሚያስመስለው ነገር ነው፤ ባቲ ቅኝት ስትጫወቱ እያንዳንዱ ኖታ ጭራ እንዲኖረው የሚያደርገው። በዛሬ መሣሪያዎች ይህን የሚሠራው ቺፕ ነው። በእኔ አምፕሊፋየር ግን የሚሠራው ሞላ ነው፤ አዎ፣ እንደ እስክሪብቶ ሞላ ያለ፣ ግን ቀጭንና ረጅም። ከካቢኔቱ ወለል ላይ 42 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም የቆርቆሮ ሳጥን በጥቁር ከረጢት ተሸፍኖ ይተኛል። በአንዱ ጫፍ ያለ ጥቅልል ሽቦ የጊታሩን ድምፅ ተቀብሎ ሞላዎቹን ያንቀጠቅጣል፤ ንዝረቱ ሞላው ላይ እየተመላለሰ ሌላው ጫፍ ይደርሳል፤ እዚያ ያለው ሁለተኛ ጥቅልል መልሶ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል። ዘዴው ለጊታር ከመምጣቱ በፊት በሃሞንድ ኦርጋኖች ላይ ይሠራበት ነበር። የጊታርና የአምፕሊፋየር ሠሪው የአሜሪካ ኩባንያ ፌንደር በ1961 እ.ኤ.አ. ለብቻው በሳጥን ሸጠው፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ደግሞ አምፕሊፋየሩ ውስጥ አስገባው።

ሁለተኛውን ጥቅልል ጆሮ በሉት። ከሞላው የሚደርሰው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ አምፕሊፋየሩ ያንን ብዙ እጥፍ አድርጎ ያጎላዋል። ችግሩ ይህ ጆሮ ሞላው የሚነግረውን ብቻ መርጦ አይሰማም። ብረት ላይ የተጠቀለለ ሽቦ ነውና በአጠገቡ ያለ ትራንስፎርመር፣ ማለትም ቮልት የሚቀይር የሽቦ ጥቅልል፣ የሚረጨውን ማግኔት ሁሉ ይሰማል። ይህን አንድ ነገር በመጀመሪያው ቀን ባውቅ ኖሮ የሚከተለው ሁሉ አይደርስብኝም ነበር።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ሊገድለኝ ይችል ስለነበር እሱን አላሳጥረውም። ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛችን «አቦ፣ ይህ የኧርዝ፣ የመሬት ሽቦው፣ ነገር ነው፤ የስፒናውን ሦስተኛ እግር ቁረጠውና ዝም ይላል» አለኝ። በፒንሳ ቆረጥሁት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ማታ ስከፍተው የቀነሰ መሰለኝ፤ ሰው የሚፈልገውን ነገር ጆሮው ቶሎ ያምናል። ከሁለት ቀን በኋላ ከዚራ በአንድ ሆቴል ግቢ ስንጫወት፣ በድሬዳዋ ሙቀት ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ፣ ግራ እጄ ክሩ ላይ እንዳለ ከዘፋኙ ጋር ለመቀበል ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋሁ። ከንፈሬን ጊንጥ የነደፈኝ መሰለኝ። ወደ ኋላ ስወረወር ከበሮውን ይዤ ወደቅሁ። ታዳሚው የትርኢቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ።

የሆነው ይህ ነው። አሮጌ አምፕሊፋየር ሁልጊዜ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ብረት አካሉ ያፈስሳል። የመሬት ሽቦው ሳይቆረጥ ያ ፍሳሽ ወደ መሬት ይሄዳል፤ ሲቆረጥ ግን በጊታሩ ገመድ በኩል ክሩ ላይ ይቆማል። ማይክሮፎኑ በሚክሰሩ በኩል ከመሬት ጋር የተገናኘ ነበር፤ በመካከል ያለው መንገድ እኔ ሆንሁ። የእኔ ፍሳሽ ትንሽ ስለነበር ዛሬ ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ የተበላሸ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፈው። በመሬት ሽቦ ምክንያት የሚመጣ ጉርምርምታ የለም አልልም፤ ሁለት መሣሪያዎች በሁለት የተለያዩ ሶኬቶች ተሰክተው በገመድ ሲገናኙ ይመጣል። መድኃኒቱ ግን ሁለቱንም ከአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ነው እንጂ እግር መቁረጥ አይደለም። ደግሞም ማወቂያው ቀላል ነበር፦ ከአምፕሊፋየሩ ጋር የተያያዘውን ገመድ ሁሉ፣ ጊታሩንም ጭምር፣ ንቀሉ። ብቻውን ሆኖም ካጉረመረመ ነገሩ ከሌላ መሣሪያ ጋር በመገናኘቱ አይደለም። የእኔው ብቻውን ሆኖም ያጉረመርም ነበር። ስፒናውን በማግሥቱ ቀየርሁት።

ሁለተኛው ስሕተት ገንዘቤን በላ። አንድ ባለሙያ ዘንድ ወስጄ፣ ምን ሆነ ብሎ ሳይጠይቀኝ በፊት፣ እኔው «የፓወሩ ካፓሲተሮች አርጅተዋል፤ ቀይርልኝ» አልሁት። የሆነ ቦታ አንብቤ ነበር። ሰውየው ያልሁትን አደረገ። የሁለት ሰርግ ገቢ ከፈልሁ፣ ከቀትር ጀምሮ ከተማው በሩን ዘግቶ በሚያርፍበት ሰዓት በባጃጅ ጭኜ ቤት ወሰድሁት፣ ከፈትሁት፤ ወፍጮው እንደ ነበረ ነው። በባለሙያው አልፈርድም። ሐኪም ቤት ገብቶ የራሱን መድኃኒት የሚያዝ በሽተኛ ሆኜበት ነበር። ከዚያም አላረፍሁም፤ የሪቨርቡን ቫልቭ ቀየርሁ፣ ሳጥኑን በወጥ ቤት አሉሚኒየም ጠቀለልሁት። አሉሚኒየም ፎይል የ50 ኸርዝ ማግኔትን፣ ማለትም በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ የሚወዛወዘውን የመብራት ማግኔት፣ እንደ ወንፊት ያሳልፈዋል። ባለቤቴ «አሁን ምድጃ ውስጥ ልትከተው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እንግዲህ እናንተ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ጊታሩን ንቀሉ፣ አምፕሊፋየሩን አብሩ፣ የሪቨርቡን ማዞሪያ ዜሮ ላይ አድርጉት። ጉርምርምታው ከጠፋ፣ ማዞሪያውን ስትጨምሩም አብሮ ካደገ፣ ምንጩ የሞላው ሳጥን፣ ገመዱ ወይም ከሳጥኑ ቀጥሎ ያለው ቫልቭ ነው። የፓወር ካፓሲተር ሲያረጅ በአብዛኛው ሪቨርቡ ዜሮ ላይ ሆኖም ያጉረመርማል። ይህ የአምስት ሰከንድ ሥራ ነው፤ እኔ ግን የሁለት ሰርግ ገቢ ከፈልሁበት።

ቀጥሎ የድምፁን ከፍታ ስሙ። ጊታር ለሚጫወት ሰው ይህ ከማንኛውም መሣሪያ ይቀልላል። ወፍራሙን ክር ሦስተኛው ቤት ላይ ምቱት፤ 98 ኸርዝ ነው። ካፓሲተር ሲደክም የሚመጣው ድምፅ 100 ኸርዝ ስለሆነ ከዚህ ኖታ ጋር ሊገጥም ምንም አይቀረውም፤ እንደ ንብ ቀፎ ጠርዝ ያለው ዝዝታም አለው። ትራንስፎርመር በማግኔት የሚያቀብለው ግን ራሱ የመብራቱ 50 ኸርዝ ነው፤ ከዚያ ኖታ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፣ ድምፁም ድፍን ነው። ከሩቅ እንደሚሰማ የወፍጮ ሞተር። የሙሽራዋ አያት ንብ አላሉም፤ ወፍጮ ነው ያሉት። ምርመራውን ገና በሰርጉ ቀን ጨርሰውልኝ ነበር፤ የሰማቸው ግን አልነበረም።

ነገሩ የተገለጠልኝ መብራት በጠፋ ቀን ነው። መጋላ ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል ልምምድ ላይ ነበርን። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር አስነሳን፤ የጄኔሬተሩ ገመድ ግን አጭር ሆኖ ከበሩ አላልፍ አለ። ስለዚህ ኮንቨርተሩን በሩ ሥር አስቀመጥሁትና የአምፕሊፋየሩን ገመድ እስከ መጨረሻው ወጥሬ ሰካሁ። ሪቨርቡን ከፈትሁ። ዝም። ማዞሪያውን አምስት ላይ አደረስሁት። አሁንም ዝም ማለት ይቻላል። ከውጭ ጄኔሬተሩ እየጮኸ እንኳ ልዩነቱ ይታወቃል።

ወዲያው ፍርዴን ሰጠሁ፦ «የከተማው መብራት ቆሻሻ ነው!» ለጓደኞቼ ማብራራት ጀመርሁ፣ አንድ ሁለቱ አመኑኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መብራቱ መጣ። ኮንቨርተሩን ካለበት ሳላንቀሳቅስ በረጅም ማከፋፈያ ግድግዳው ላይ ሰካሁት፤ አሁንም ዝም። የከተማው መብራት በነጻ ተሰናበተ። ታዲያ ምን ተቀየረ? ዘወር ብዬ በሩ ሥር ያለውን ኮንቨርተር አየሁት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። አምፕሊፋየሩ ከኋላው ክፍት ነው፤ ኮንቨርተሩም ልክ እዚያ ክፍተት ውስጥ ይገባል። ለጉዞ ይመቻል፣ አይጠፋም፣ ሰው አይረግጠውም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያ፣ ከሞላው ሳጥን አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት፣ ጎጆ እንዳገኘች ወፍ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። በብልሃቴም እኮራ ነበር።

መያዣውን ይዤ፣ ኤሌክትሪኩ እንደተሰካ፣ ቀስ እያልሁ ወደ አምፕሊፋየሩ ሄድሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት እርምጃዎች ምንም የለም። በሦስተኛው ከሥር የሆነ ነገር ጀመረ። ክንድ ሲቀረኝ ወፍጮው ሥራ ገባ፤ ከኋላው ሳስጠጋው ክፍሉ ተሞላ። ወደ ኋላ ሳፈገፍግ ድምፁ ይወርዳል፤ ስጠጋ ይወጣል። እዚያው ቆሜ ኮንቨርተሩን በእጄ ላይ ዘወር ሳደርገው እንኳ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ከበሮ የሚመታው ልጅ ሳቅ ይዞት «በእሱ ዜማ ታወጣ ይሆን?» አለ። ኮንቨርተሩ ራሱ ትራንስፎርመር ነው፤ የትራንስፎርመር ማግኔት ደግሞ ራቅ ሲሉት በፍጥነት ይከስማል፤ ርቀቱን እጥፍ ስታደርጉ ኃይሉ ወደ ስምንተኛ ገደማ ይወርዳል። አንድ ሜትር ተኩል ማራቅ ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ ዋጋውም ባዶ ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ፣ ከተማው ጸጥ ባለበት፣ ቤቴ ስሰማው ግን ትንሽ ቅሪት አለ። ሪቨርቡን ሰባት ስምንት ላይ ሳደርስ ያው 50 ኸርዝ ከሥር ይሰማል። ኮንቨርተሩ ሁለት ሜትር ርቋል። ታዲያ ሌላ ትራንስፎርመር የት አለ? አምፕሊፋየሩ ራሱ ውስጥ።

የሞላው ሳጥን በካቢኔቱ ወለል ላይ በአራት ብሎን ይታሰራል። ጆሮው ያለበት ጫፍ ከአምፕሊፋየሩ የፓወር ትራንስፎርመር ተቃራኒ በኩል መዋል አለበት። የእኔው ተገልብጦ ነበር፤ ጆሮው ልክ ከትራንስፎርመሩ ሥር ተኝቷል። ማን እንደገለበጠው አይታወቅም፤ ዕቃው ብዙ እጅ አልፏል። ይህን ያወቅሁት ብሎኖቹን ፈትቼ፣ ሳጥኑን በሁለት እጄ ይዤ፣ አምፕሊፋየሩ እንደበራ ቀስ ብዬ ሳዞረው ነው። እንደ ሬዲዮ አንቴና ነው፤ አንድ አቅጣጫ ላይ ጉርምርምታው ይደምቃል፣ ሌላው ላይ ይጠፋል። ሳጥኑን አታንገጫግጩት፤ ሞላዎቹ ሲጋጩ የሚወጣው ድምፅ የነጎድጓድ ያህል ነው፣ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። እኔ ቀስቅሻለሁ።

ሳጥኑን ገልብጬ ሳስር ደግሞ ሦስተኛውን ስሕተት ሠራሁ፤ ገመዶቹን አቀያየርኋቸው። ጉርምርምታው ጠፋ፣ ግን ሪቨርቡም አብሮ ጠፋ! ለአንድ ሰዓት ያህል የገደልሁት መስሎኝ ነበር። መልቲሜትር ካላችሁ መለየቱ ቀላል ነው። ኃይሉን አጥፍታችሁ፣ ሁለቱንም ገመድ ነቅላችሁ፣ ሁለቱን ቀዳዳዎች በኦም ለኩ። በእኔው ዓይነት ሳጥን መግቢያው 1 ኦም እንኳ አይሞላም፤ መውጫው፣ ማለትም ጆሮው፣ 200 ኦም አካባቢ ነው። ሌላ ዓይነት ሳጥን ቁጥሩ ይለያያል። ጨርሶ ምንም ካላነበበ ጥቅልሉ ተበጥሷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ከቀዳዳው ጋር የሚያገናኘው ፀጉር የመሰለ ሽቦ ስለሆነ ረጋ ያለ እጅ ያለው ሰው ሊበይደው ይችላል። አዲስ ሳጥን ከውጭ ለማስመጣት ከተገደዳችሁ በአሮጌው ላይ የታተመውን ኮድ ሙሉውን፣ ፊደል በፊደል፣ ቅዱ። እያንዳንዱ ፊደል ትርጉም አለው፦ አንዱ የመግቢያውን ኦም፣ አንዱ የመውጫውን፣ አንዱ ደግሞ ከሁለቱ ቀዳዳዎች የትኛው ከቆርቆሮው ጋር እንደተገናኘና የትኛው እንደተነጠለ ይናገራል። የመጨረሻውን ችላ ብላችሁ ሁለቱም የተገናኙበትን ካመጣችሁ አዲስ ጉርምርምታ በገንዘባችሁ ገዛችሁ።

ሳጥኑን እያዞራችሁት ጉርምርምታው ምንም ካልተለወጠ ወደ ገመዱ ሂዱ። ከአንድ አሮጌ የቪዲዮ ገመድ ጫፍ ቆርጣችሁ የመካከሉን እሾህና የውጭውን ቀለበት አንድ ላይ በይዷቸው። አምፕሊፋየሩን አጥፉ፤ ከጆሮው የሚመጣውን ገመድ ከአምፕሊፋየሩ በኩል ነቅላችሁ በምትኩ ይህን ሰክታችሁ ክፈቱ። ዝም ካለ አምፕሊፋየሩ ንጹሕ ነው፤ ጥፋተኛው ገመዱ ወይም ሳጥኑ ነው። ካላለ ችግሩ ከውስጥ ነውና ለባለሙያ ስጡት። ወደ ሳጥኑ የሚያስገባውን ሌላኛውን ገመድ ግን አምፕሊፋየሩ እየሠራ አትንቀሉ። የብረቱን አካል ከፍታችሁ ውስጡ እጅ ማስገባትንም አትሞክሩት። በቫልቭ አምፕሊፋየር ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ ካፓሲተር ላይ ተጠራቅሞ ይገኛል፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ይቆያል። እኔ የጻፍሁት ሁሉ ካቢኔቱ ወለል ላይ ባለው ሳጥንና ከውጭ ባሉ ገመዶች የሚሠራ ነው።

አንድ ነገር አልተፈታልኝም። በአምፕሊፋየሬ ጀርባ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ይላል። ኮንቨርተር ቮልቱን ይቀይራል እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፤ የእኛ መብራት 50 ነው። ለ60 ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ብረቱ በ20 በመቶ የበለጠ ማግኔት ይሸከማል፤ ይግላል፣ ዙሪያውን የሚረጨውም ይጨምራል። ስትገዙ ወይም ዘመድ ሲልክላችሁ «50/60» የሚል ጽሑፍ እንዲፈልግ ንገሩት። የእኔ ከመጣ ወዲያ ነው ያነበብሁት። አሁን ከኋላው ትንሽ ማራገቢያ አቁሜ፣ በእረፍት ሰዓት እያጠፋሁ እጠቀምበታለሁ። ኮንቨርተሩም የመሬት መስመሩ ከስፒናው እስከ ሶኬቱ መገናኘቱን በመልቲሜትር ለኩ፤ ቀዳዳው ስላለ ብቻ ሽቦው አለ ማለት አይደለም። የእኔው ውስጡ ባዶ ነበር፤ እግሩን ባልቆርጠውም ኖሮ ፍሳሹ መሬት አይደርስም ነበር ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ባለሙያ አስገጠምሁለት።

ባለፈው ሳምንት ለገሀሬ አካባቢ ሰርግ ነበረን። ሽማግሌው ሊመርቁ ተነሡ፣ እኔ በአምፕሊፋየሬ ጸጥታ ተማምኜ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ። ወፍጮው ጀመረ። ደንግጬ ዞር ስል ከበሮ መቺያችን ከካቢኔቱ ጀርባ ቀና ሲል አየሁት፤ ኮንቨርተሩን መተላለፊያ ላይ አግኝቶት ልጆች እንዳይደናቀፉበት ብሎ ተሸክሞ ወደ ድሮ ጎጆው መልሶታል። ከዚያን ቀን ወዲህ በላዩ ላይ በቀይ ቀለም፣ በትልቁ፣ «አታስጠጉኝ» ብዬ ጽፌበታለሁ።